የሞጆው መሰርሰሪያ

ጉተማ ብረት መቀጥቀጥ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያውን ዓመት ትልቁን መዶሻ ስታነሳ የኖረችው ሚስቱ ደራርቱ ናት። እሱ የጋለውን ብረት ጫፍ በጉጠት ይዞ፣ መብሻውን ደግኖበት “በይ!” ሲላት ከወገቧ ዞራ ታሳርፈዋለች። አንድ ቀን እንኳ ስታ እጁን መትታው አታውቅም። ቤታቸው አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣ ግራሩ እየተመነጠረ መጋዘን በሚሠራበት ሰፈር ዳር ነበር። ጓሮው ውስጥ በቆርቆሮ የተከደነች ዳስ አለች። ከሩቅ ሆኖ መዶሻቸው ሲቀባበል የሰማ እንግዳ፣ ሁለት ጎረምሶች የሚሠሩ ይመስለው ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ደራርቱን ሳል ያዛት። መጀመሪያ የከሰሉ ጢስ ነው አሉ። ቀጥለው የአዳማ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ ነው አሉ። የካቲት ሲገባ ግን መዶሻውን ሦስት ጊዜ አንስታ በአራተኛው ተደግፋው የምትቆም ሆነች። የአንገቷ አጥንት ወጣ፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልረጋ አለ። ጉተማ ይህን እያየ እንዳላየ ይሆናል። እሷም ማየቱን እያወቀች እንዳላወቀች ትሆናለች።

በዚህ መሀል ትልቅ ሥራ መጣ። አዲስ የእህል መጋዘን የሚያሠራ አንድ ነጋዴ ለስምንት በሮች ማጠፊያ አዘዘ። ማጠፊያዎቹ ረጃጅምና ወፋፍራም ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

“ክረምት ሳይገባ ካላደረስክልኝ ሥራውን አዲስ አበባ ላሉት ፈረንጆች እሰጣለሁ” አለ ነጋዴው ከአጥሩ ውጭ እንደቆመ።

ጉተማ ተስማማ። እንደዚህ ያለ ሥራ በዘመኑ አግኝቶ አያውቅም። ቤት ገብቶ ቁጭ ሲል ግን ያ ሁሉ ቀዳዳ በደራርቱ ክንድ የሚወጣ መሆኑ ታሰበውና የቀረበለትን ምግብ መለሰው።

“መሰርሰሪያ እንግዛ” አላት በማግስቱ።

“የምን መሰርሰሪያ?”

“ባቡር ጣቢያው ውስጥ እንዳለው። ቆሞ የሚሠራ፣ መዘውሩን በእጅ ሲያዞሩት ብረቱን የሚበሳ። አንድ ሰው ይበቃዋል።”

“እኔስ ምን ልሠራ?”

“ወናፉን ትነፊያለሽ። ሲደክምሽ ጋደም ትያለሽ።”

ደራርቱ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ሳሉ መጣና እስኪያልፍላት ጀርባዋን ደግፎ ቆመ።

አዲስ ዕቃ ከጅቡቲ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ያገለገለ ግን ሁለት ቦታ እንዳለ ሰማ። አንደኛው እዚያው አዳማ፣ አብዱናሲር በሚባል የቆዳና የጨው ነጋዴ እጅ ነው። ሁለተኛው ሞጆ፣ ቀድሞ ወፍጮ ያስተክሉ የነበሩት ግራዝማች መርዳሳ ቤት። በሬያቸውን ሸጡ። ደራርቱ የብር አምባሯን አውልቃ ጨመረችበት፤ አምባሩ እጇ ላይ ሰፍቷት ስለነበር ለማውለቅ አልተቸገረችም።

“ቀለሙን አትይ” አለችው ሲነሳ። “በትንሿ መዶሻ አንገቱንም እግሩንም ንካው። አጥርቶ ካልጮኸ ጥለኸው ና።”

“ይህን ያስተማረሽ ማን ሆነና ነው?”

“አንተው ነህ። ግን ሰው ፊት ስትቆም ይጠፋብሃል፣ የሆራ አባት።”

ሆራ አርሲ የተዳረች ልጃቸው ናት። ደራርቱ ባሏን በልጃቸው ስም የምትጠራው ልቧ ሲራራለት ነው። ያለችውም እውነት ነበር። ጉተማ ዳሱ ውስጥ የማይበገር ሰው ነው፤ ከዳሱ ሲወጣ ግን ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ የሚያሠሩት ሰዎች ቤቱ አይገቡም። ድግስ ቢጠራ የሚቀመጠው ከበር ውጭ ነው፤ የሚጠጣውም ለእሱ ተብሎ አጥር ላይ በተንጠለጠለ ቅል ነው። እናቶች በአጠገቡ ሲያልፉ የሕፃናቶቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ለምዶታል ይሉት ነበር። እሱም ለምጄዋለሁ ይል ነበር።

መጀመሪያ አብዱናሲር ዘንድ ሄደ። አብዱናሲር ወፍራም፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ቃላት የሚቆጥብ የወሎ ሰው ነው። ከበሩ ወጥቶ ጉተማን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ “እዚያው ቁም፣ አትግባ” አለውና ዕቃውን በሁለት ሰው አስወጣለት።

ትንሽ ነች። የራሷ እግር የላትም፤ ከግንድ ጋር ታስራ የምትሠራ ናት። ዝገት በልቷታል። የጥርስ ጎማዋ አንድ ጥርስ ተሸርፏልና መዘውሯ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ትላለች። ጉተማ ተንበርክኮ ቀጥ ያለ ሽቦ አፏ ላይ አስነክሶ አዞራት፤ የሽቦው ጫፍ አልተንቀጠቀጠም፤ ዘንጓ ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው። መዶሻውን አወጣና አንገቷን ነካት። ጮኸች። ግርጌዋን ነካት። ጮኸች። ሌላ ነገር መፈተሽ አላስፈለገውም።

“ይህች ጥርስ...” ብሎ ጀመረ።

“አየሃት አይደል?” አለ አብዱናሲር። “አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሎልኝ የሄዳት ናት። ትወስዳለህ ውሰድ፤ አትወስድም ሥራ አታስፈታኝ።”

ጉተማ ፊቱ ጋለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጡ ጥላ ሆኖ፣ እሱን ፀሐይ ላይ ማቆሙ አንገበገበው። “ሌላም አይቼ እመለሳለሁ” አለና ሄደ።

ሞጆ የደረሰው በበቅሎ ነው፤ በቅሎዋን የተዋሰው ከሚስቱ ወንድም ነበር። ግራዝማች መርዳሳ ደጅ ሲደርስ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አስጠራ። ግራዝማች ራሳቸው ወጡ። ጠይም፣ ሽማግሌ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው።

“የአዳማው ባለእጅ እርስዎ ነዎት? ምነው ደጅ ቆሙ? ይግቡ እንጂ!”

ጉተማ ሌላ ሰው ከኋላው የቆመ መስሎት ዞር አለ። ማንም አልነበረም። አርባ አምስት ዓመት ሲኖር አንቱ ያለው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው።

አስገቡት። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። ልጁን ስለ መዳሩ፣ ስለ ሥራው፣ ብረት ከየት እንደሚያገኝ ጠየቁት። የሚመልሰውንም እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ መሰርሰሪያው ወዳለበት ጎተራ ይዘውት ሄዱ።

ጉተማ ሲያየው ልቡ ቆመ። ቁመቱ ከሰው ደረት ይበልጣል። ከባድ የመሽከርከሪያ ጎማ ከጎኑ አለው። መዘውሩ ሲዞር መብሻው ራሱ እየተጫነ ይወርዳል፤ ሰው መግፋት የለበትም። ብረቱ የሚቀመጥባት ጠረጴዛ ከፍ ዝቅ ትላለች። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አዞረው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም። የአንገቱ መታጠፊያ ላይ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ወፈር ማለቱን ዓይኑ አየ። እጁ ወደ ወገቡ፣ ወደ ትንሿ መዶሻ ሄደ።

በዚያው ቅጽበት አሽከር ጠጅ ይዞ መጣ። በብርሌ ነው። ግራዝማች የራሳቸውን አንስተው፣ ሁለተኛውን፣ ያንኑ የመሰለውን፣ በእጃቸው ዘረጉለት።

“መንገድ ላይ ነበሩና ጉሮሮዎን ያርጥቡ።”

ጉተማ ብርሌውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነበር። ቢጠጣ፣ እሱ የጠጣበትን ሌላ ሰው ሊጠጣበት ነው። ጠጣ። ዓይኑን እንባ ሞላው፤ የጠጁ ጥንካሬ እንደሆነ ለማስመሰል ሳል ሳል አለ። ከዚህ በኋላ መዶሻ አውጥቶ የኚህን ሰው ዕቃ እንደ ሌባ ዕቃ መደብደብ እንዴት ይቻለዋል? አንቱ ያሉትን ሰው ‘አላመንኩዎትም’ ማለት ይሆናል። እጁን ከወገቡ ላይ አነሳ።

“እወስደዋለሁ” አለ።

ዋጋው ከአብዱናሲር ዕቃ ብዙ አይበልጥም ነበር። በሁለት ጭነት ከፋፍለው በበቅሎዋና በአንድ አህያ ጫኑለት። ግራዝማች እስከ በር ሸኙት። ሞጆን ወጥቶ አዳማ እስኪደርስ ያሉትን ቃል አንድ በአንድ ለራሱ እየደገመ ሄደ።

ደራርቱ ዕቃው ሲራገፍ ከአልጋዋ ተነስታ ወጣች። ዞረችው። በመዳፏ ዳሰሰችው።

“ነካኸው?”

“ነካሁት።”

“ድምፁስ?”

“እንደ ደወል ነው” አለ ጉተማ፣ ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ ብሎ። በሃያ ዓመት ውስጥ ዋሽቷት አያውቅም ነበርና ወዲያው አመነችው።

የመጀመሪያው ቀን የደስታ ቀን ነበር። ደራርቱ ዳሱ በር ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ እየሞቀች፣ ጉተማ መዘውሩን እያዞረ፣ የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወርድ ሁለቱም እንደ ሕፃን አዩት። ሦስት ማጠፊያ ጨረሰ። “አንተ ብቻህን!” እያለች ተገረመች። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት፣ ወፍራሙን ብረት ሲበሳ፣ መብሻው ወርዶ ሲጫን አንድ ድምፅ ተሰማ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። የመሰርሰሪያው ራስ ከአንገቱ ተገንጥሎ ወደ ኋላ ዘመመና ከነጎማው መሬት ላይ ወደቀ።

ጉተማ መዘውሩን እንደያዘ ቀረ። ደራርቱ ተነስታ መጣች። ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ጫፍ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከስብራቱ ሲሶው እንደ ጨው ያንጸባርቃል፤ አሁን የተሰበረው እሱ ነው። የቀረው ጥቁርና ቡናማ ነው። ዝገት ነው። ዝገቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ሰርጎ ገብቶበታል። ይህ አንገት የተሰነጠቀው ከዓመታት በፊት ነበር።

ከዚያ ትንሿን መዶሻ ከወገቡ መዘዘችና ቆሞ የቀረውን የመሰርሰሪያውን እግር ነካችው። የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፅ ሰጠ።

“ነካሁት አልከኝ” አለች ቀስ ብላ።

ጉተማ ስለ ብርሌው ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ነገሩ በቃል ሲሆን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተሰማውና ዘጋው። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ጮኻ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ የተሰበረውን ራስ በጆንያ ይዞ በባቡር ሞጆ ወረደ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አስጠራ። የዚያን ቀን አሽከር ነው የወጣው፤ ጥሙን እንዲቆርጥ ብሎ ውሃ በቅል አቀበለው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ግራዝማች በረንዳው ላይ ታዩ።

“ምንድን ነው?”

ጉተማ ጆንያውን ፈቶ አሳያቸው። “ስብራቱ የቆየ ነው ጌታዬ። ዝገቱን ይዩት። ቀለሙ ተቀብቶበት ነው።”

“ቤቱ ሲታደስ አሽከሮቹ ብረቱን ሁሉ ቀብተውታል። እኔ ብረት አላውቅም።” ድምፃቸው እንደዚያን ዕለቱ ለስለስ ያለ ነበር። “ባለእጁ አንተ አይደለህም እንዴ? አይተህ፣ ወደህ ወሰድክ። መዶሻህ ወገብህ ላይ ነበር፤ ምነው ሳትመታው?”

ጉተማ ከሁሉም በላይ የሰማው ‘አንተ’ የምትለውን ቃል ነው። ግራዝማች አውቀው ይሁን ሳያውቁ ያታለሉት፣ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርደው ቢኖርም ሊለየው አልቻለም። ጆንያውን ቋጥሮ ተመለሰ።

ቤት ሲደርስ ከዳሱ ጢስ ይወጣል። ደራርቱ እሳቱን አንድዳ፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራ፣ ትልቁን መዶሻ ይዛ ቆማለች።

“አይሆንም” አላት።

“በሬው የለም። አምባሩ የለም። ሥራው ከሄደ ምን እንበላለን? ያዝ።”

“የሆራ እናት፣ እለምንሻለሁ...”

“ያዝ አልኩህ!”

ያዘ። አብዱናሲር ጋ ሄዶ ‘ያቺን ትንሿን አበድረኝ’ ማለት በልቡ መጥቶ ነበር። ያ ፊት፣ ያ ‘እዚያው ቁም’ ታየውና ተወው። ዳግመኛ ሰው ደጅ መቆም አልቻለም። ስለዚህ “በይ” እያለ፣ እሷ እያሳረፈች፣ በሁለት ቀዳዳ መሀል እያረፈች፣ ሰነበቱ። አንድም ቀን አልሳተችም። በስድስተኛው ቀን መዶሻውን አሳርፋ ሳታነሳው ቀረች። እላዩ ላይ ተደፋች። ጉተማ ጉጠቱን ጥሎ ሲያነሳት አፏ ደም ሞልቶ ነበር።

አስራ ሰባት ቀን ተኛች። ሆራ ከአርሲ ተጠርታ ደረሰች። ደራርቱ እስከ መጨረሻው ስለ መሰርሰሪያው አንዲት ቃል አላነሳችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ሆራ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሳለ፣ እጁን ይዛ፣ “ምን ሆነህ ነበር ግን?” አለችው። ጉተማ አለቀሰ። ልንገርሽ ሲል ዓይኗን ጨፍናለች፤ ተኝታ እንደሆነ፣ ላለመስማት እንደሆነ አላወቀም። ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቀስተኛው ጥቂት ነበር። ከመጡትም አብዛኞቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነፍስ ይማር ብለው ተመለሱ። መጋዘን አሠሪው ሰው ልኮ ያለቀውን ማጠፊያ ወስዶ፣ የቀረውን ሌላ ቦታ ማዘዙን ነገረ። በሦስተኛው ቀን አንድ ወፍራም ሰው ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ ገባና ሳይጋበዝ መሬት ላይ፣ ከጉተማ ጎን ተቀመጠ። አብዱናሲር ነበር።

“የሞጆውን ገዛህ አሉ፤ ተሰበረ አሉ” አለ።

“አዎ።”

“ታዲያ ለምን ወደ እኔ አልመጣህም? ያቺ ዕቃ ዛሬም ጨው ሥር ተጥላ አለች። ሚስትህ መታመሟን አልነገርከኝም። ውሰድ እልህ ነበር። ገንዘቡን ስታገኝ ታመጣልኝ ነበር።”

ጉተማ ቀና ብሎ አየው። “ደጅ አቁመኸኝ ነበር” አለ። “ፀሐይ ላይ። አትግባ ብለህ።”

አብዱናሲር ግራ ገባው። “ማንን አስገብቼ አውቃለሁ? ቤቴ እርጥብ ቆዳ ነው። የገባ ሁሉ ያስመልሰዋል። የገዛ ወንድሜንም የማናግረው ደጅ ነው።” ትንሽ አሰበ። “የእኔን እኮ በመዶሻ መታሃት። እዚያ ያለውን ምነው ሳትመታው?”

ሆራ ማዶ ተቀምጣ ትሰማለች። ጉተማ መሬቱን እያየ፣ ለሚስቱ ሊነግራት ያልቻለውን ለዚህ ሰው ነገረው። “ጠጅ በብርሌ ሰጡኝ” አለ። “አንቱ አሉኝ።”

ሆራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከቤት ወጣች።

ከአርባዋ በኋላ ሆራ ጉጠቱንም፣ ወናፉንም፣ መዶሻዎቹንም ሸጠች፤ አባቷ ዕቃዎቹ ሲወጡ ዞር ብሎ አላየም። የሞጆውን መሰርሰሪያ የሚገዛ አልተገኘም። ቤቱን ለመጋዘኑ ዘበኛ ለቀው፣ ባሏ ወዳለበት ወደ አርሲ ይዛው ተነሳች። አዋሽ መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስኪጎድል ከግመል ነጂዎችና ከገበያተኞች ጋር ሁለት ቀን ዳሩ ላይ አደሩ። ዝናቡ አላባራም። ጉተማ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጦ ቡናማውን ውሃ ሲያይ ዋለ፤ የሰጡትን ቆሎ እጁ ውስጥ እንደያዘ ረጥቦበት ነበር።

ከግመል ነጂዎቹ አንዱ፣ የአርሲ ሰው፣ አጠገቡ መጥቶ ተጠለለ። እንደ መንገደኛ ልማድ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀው። ጉተማ በአጭሩ መለሰ።

“ሥራህስ ምንድን ነው?”

ሆራ ልትመልስለት ስትል አባቷ ቀደማት።

“ሥራ የለኝም” አለ።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ወደ ግመሎቹ ሄደ። ውሃው እስከ ማታ ድረስ አልጎደለም።